ግልጽ ደብዳቤ፦ በማሳችን መሐል ሩጫ ለማዘጋጀት ለምታስቡ ሁሉ

ለሰሜን ሸዋ ዞን የስፖርትና የቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች፣ ከአዲስ አበባ ሯጮችን ይዛችሁ ለመምጣት ለምታስቡ አዘጋጆች፣ እንዲሁም ጫማችሁን አጥብቃችሁ ወደ እኛ ጋራ ለመውጣት ለምትመኙ ሯጮች በሙሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ነገሬን ሳላስረዝም ልጀምር። በኮረብታውና በእርሻው መሐል የሚያልፍ የገጠር ሩጫ ወደ ሰሜን ሸዋ ይምጣ ባይ ነኝ። የምሬን ነው። ግን መስመሩ በስልክ ካርታ ላይ ከመሰመሩ፣ ቀኑም በፖስተር ከመለጠፉ በፊት ከማሳው ባለቤት ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አካባቢያችን በምን ውስጥ እንደከረመ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ያለ ሥጋት ከቤቱ ወጥቶ የሚገባበት ቀን ከሩጫም ከምንም ይቀድማል። ያ ቀን ሲመጣ ግን ብዙ ነገር በጥድፊያ መጀመሩ አይቀርም። ሩጫውም «ቶሎ እናድርገው» ተብሎ እንዳይጀመር ከወዲሁ ልጻፍ ብዬ ነው።

የባሶና ወራና የገበሬ ልጅ ነኝ። ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሲመቸኝ ማለዳ ተነስቼ እሮጣለሁ። ቤተሰቦቼ ዛሬም ገብስና ባቄላ ይዘራሉ። ሯጩ ምን እንደሚፈልግም፣ ገበሬውን ምን እንደሚያንገበግበውም አውቃለሁ።

ስለ አገሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ለሩጫ ከዚህ የተሻለ አገር ፈልጉ ብትሉኝ አላገኝም። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትበልጣለች። ወደ ጣርማ በር ስትወጡ 3,000ን ታልፋላችሁ። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሯጭ የመጀመሪያውን ዳገት ሳይጨርስ ይገባዋል። በጣሊያን ጊዜ ከተቆፈረው ዋሻ ወዲያ ደግሞ መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። ደብረ ሲና ከሥራችሁ ትታያለች፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። በዚያ ቁልቁለት የሚፈተነው ሳንባ ሳይሆን ጭን ነው። ጡንቻው ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ስለሚሠራ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅታል። በገደሉ ዳር የወፍ ዋሻ ደን አለ፣ ጥዱና ኮሶው ያረጀ። ወዲህ አንኮበር አለች፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው። ወደ መንዝ ብትዘልቁ ደግሞ ጓሳ አለ፤ ጭላዳውን መንጋ በመንጋ ሣር ሲነጭ ታያላችሁ።

አበበ ቢቂላም የዚሁ ደጋ ልጅ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ ልጅነቱን ከብት እየጠበቀ አሳለፈ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ በዋዜማው ማለት ነው፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል። ይህንን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ሩጫ ለዚህ አገር ባዕድ እንዳልሆነ፣ እናንተ የምታመጡትም አዲስ ነገር ሩጫው ሳይሆን ውድድሩ መሆኑን እንድታስቡበት ነው። ገበሬው ሩጫ አይጠላም። ማሳው ሲረገጥ ነው የሚጠላው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወሩ መስከረም ነበር፣ ስማቸውን የማልጠቅሳቸው አዘጋጆች ሯጮች ይዘው ወደ እኛ አቅጣጫ መጡ። ሲነጋ እንጨት እየተከሉ፣ ሪባን እያሰሩ መስመር አወጡ። መስመሩ የአጎቴን የባቄላ ማሳ ሰያፍ ቆርጦ ያልፋል። ባቄላው ያኔ አበባ ላይ ነው። አበባ ላይ እያለ አገዳው የተሰበረ ባቄላ ተመልሶ አይቃናም፤ ያንን ዓመት በቃ ጠፋ ማለት ነው። መሬቱ ደግሞ መረሬ ነው፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ፣ የክረምቱ ውሃ ገና አልወጣለትም። የመጀመሪያዎቹ ሯጮች የአንድ ሰው እግር ያህል ብቻ ረግጠው አለፉ። ጭቃው ሲያንሸራትት የኋለኞቹ ደህና መርገጫ እየፈለጉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሰፉ፣ ከእነሱ ኋላ የመጡት ደግሞ የበለጠ ሰፉ፣ መጨረሻ ላይ ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድ ሆኖ ቀረ። ማንም ሆን ብሎ አላጠፋም። እያንዳንዱ ሰው የረገጠው ጥቂት ነው፤ የሁሉም ተደምሮ ግን የአንድ ቤት የባቄላ ክክ ነው።

በዚህም አላበቃ። የተረገጠው መረሬ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ደረቀ። ሰውና አህያ አቋራጭ ተገኘ ብለው በዚያው ይመላለሱ ጀመር። መንገድ አንዴ ከወጣ መልሶ ማሳ ማድረግ ጣጣ ነው፤ ከሚያልፍ ሰው ሁሉ ጋር መነታረክ አለ፣ በሚቀጥለው እርሻም ማረሻው እዚያ ቦታ ሲደርስ እየዘለለ በሬዎቹን ያደክማል። አጎቴ ግን ካሣ ልጠይቅ አላለም። የከነከነው ሌላ ነበር። «ባጠገቤ አለፉ፤ እግዜር ያበርታ ያለኝ አንድ ሰው የለም» አለኝ። የከተማ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው ይችላል። እኛ ጋ ግን ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፣ ያውም በገዛ ማሳው ውስጥ።

ስለዚህ ወደ ቀኑ ልግባ፣ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነውና። የውድድር ቀን ስትመርጡ የምታዩት የአዘጋጁን አጀንዳና የሯጩን የእረፍት ቀን ነው። የገበሬውንም ቀን መቁጠሪያ እዩ። ሰኔና ሐምሌ ዘር ነው፤ የተዘራ ማሳና ያልተዘራውን እንግዳ ሰው አይለየውም፣ ሁለቱም ባዶ አፈር ነው የሚመስለው። ክረምቱ ላይ ደግሞ በሜዳው ውሃ ለማንጣፈፍ የተቀደደ ቦይ አለ። አንድ ሰው ቦዩን ረግጦ ሲደፍነው ውሃው ወደ ጎረቤት ገብስ ይገባል፤ ገብስ ደግሞ ውሃ ሲተኛበት ይቢጫል። በዚያ ላይ ጋራው ላይ መብረቅ አለ፤ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሰው በገላጣ ሸንተረር ላይ ማሮጥ ለሯጩም አይበጅም። ነሐሴና መስከረም ባቄላና አተር ያብባል፣ ስለዚያ ነግሬያችኋለሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጨዳ ነው፣ ነዶው በየማሳው ተጋድሞ፣ ክምሩም ተከምሮ ታዩታላችሁ። ለፎቶ ያምራል። ግን ያ የዓመት እንጀራ ነው፣ ሰውም ከማጭዱ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ቀጥሎ ውቂያ አለ። አውድማ የሚከበር ቦታ ነው፤ በሬ እየዞረ ባለበት አውድማ አጠገብ በድምፅ ማጉያ መጨፈር አይታሰብ።

የሚቀረው ምን ጊዜ ነው? እኔን ብትጠይቁኝ ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ሁለተኛ አጋማሽ ነው የምላችሁ። አዝመራው ገብቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ የታጨደ ማሳ ላይ ቢሮጥ የሚጎዳ ነገር የለም። ይህም ቢሆን ጣጣ አለው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ዳስ የተጣለበት ቤት ደጃፍ ላይ ሩጫ ብታመጡ ሙሽራውም ሯጩም አይመቻቸውም። በልግ የሚዘራባቸው ቦታዎች ደግሞ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል፣ በመንዝም፣ ያኔ እርሻ ይጀምራሉ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባዶ የሆነ መሬት እዚያ ማዶ ተዘርቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቢሮ ተቀምጦ ቀን መቁረጥ አይሠራም የምለው። ቀበሌ በቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። በሰንበት ከቅዳሴ በፊት በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጥሩምባና ሙዚቃ አይሰማ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብታስጀምሩ ቅዳሴው ይወጣል፣ ውርጩም ይቀልጣል። በጥር ማለዳ የኛን ብርድ የማያውቅ ሰው በቁምጣ ቆሞ መነሻ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ጡንቻው ሳይሞቅ ድንጋያማ ቁልቁለት ሲገባ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይቀመጣል። የገበያ ቀንም እወቁ። ጠባቡ መንገድ ላይ እህል የጫኑ አህዮች ሲወጡ ሯጮች ሲወርዱ፣ አህያዋ ደንብራ ጭነቷን ገደል ብትጥል ማን ይከፍላል?

አሁን ማንም አዘጋጅ ሲያነሳው ሰምቼ ስለማላውቀው ነገር ላውራ። ስለ እረኞች።

እረኛ ልጅ ሯጭ አይቶ አይቀመጥም። ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በኮንጎ ጫማው ይሁን በባዶ እግሩ፣ ይከተላል። ሁለት ኮረብታ አብሯችሁ ይወጣል። እናንተም ደስ ይላችኋል፣ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፣ «በርታ! አይዞህ!» ትሉታላችሁ። በጎቹስ? እረኛ እንደሌላቸው ለማወቅ አይዘገዩም። ጎረቤት ገብስ ውስጥ ይገባሉ፣ ወይም በልግ ከሆነ ገና የበቀለውን ቡቃያ ይግጣሉ። እናንተ ማታ ሜዳሊያችሁን አጥልቃችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ እዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ይጣላሉ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የተበላው እህል ይገመታል። ልጁም ይገረፋል። ነገሩ ሁሌም እዚያው ልጁ ላይ ነው የሚያርፈው፤ አጥፍቶ ሳይሆን ልጅ በመሆኑ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሳምንት ሲቀረው በየቀበሌው ይነገር፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ መስጊድ ባለበትም ከጁምዓ በኋላ፣ በእድር ላይ ይነገር። በዚያ ቀን በጎቹን ትልቅ ሰው ይጠብቅ፣ ወይም እስከ ቀትር በረት ይዋሉ። ለልጆቹ ደግሞ የራሳቸው ሩጫ ይዘጋጅላቸው። አጭር ትሁን፣ ግን እውነተኛ ትሁን፤ የደረት ቁጥር ያላት፣ መነሻና መድረሻ ያላት፣ ሰዓት የሚያዝባት። ከልጆቹ መሐል ሳንባና እግር ያለው ካለ የዞኑ ስፖርት ባለሙያ ስሙን ይያዝ። አገር አቋራጭ ላይ ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. አምስት ዓመት በተከታታይ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸንፎ ዓለምን ሲያስገርም፣ እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ያደገ ልጅ ምን ማድረግ እንደሚችል አይተናል። የተራራና የገጠር መንገድ ሩጫም ዛሬ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው። በዚያ መድረክ ለመታየት የኛ ልጆች የሚያንሳቸው ዳገት አይደለም፤ ውድድር ነው የሚያንሳቸው። ስለዚህ የአካባቢው ልጅ መመዝገቢያ አይክፈል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ቀላል የሆነ ገንዘብ እዚህ ትልቅ ነው።

መስመሩ በየት ይሂድ ለሚለው ደግሞ መንገድ ሞልቷል። የከብት መሄጃ አለ፣ የገበያ መንገድ አለ፣ ሸንተረሩ ላይ የግጦሽ መሬት አለ፣ በየማሳው መሐል ሳይታረስ የሚተው ድንበር አለ። እነዚህን ከሽማግሌና ከእረኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የትኛው መንገድ በየትኛው ወር እንደሚጨቀይ፣ የትኛው ቤት ኃይለኛ ውሻ እንዳለው ሳይቀር ይነግሯችኋል። እርከን ላይ አትሩጡ። ያ የድንጋይ ካብ ሲታይ ዝም ብሎ የተከመረ ይመስላል፤ አንድ ድንጋይ ከተንሸራተተ ግን በቀጣዩ ክረምት አፈሩ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚሄደው። ምንጭ ዳር የውሃ ጣቢያ አታድርጉ፣ እናቶች የሚቀዱበት ነው።

«ገበሬ ያስቸግራል፣ እሺ አይልም» የሚል ሰው አይጠፋም። ጓሳን ሄዶ ይይ። የመንዝ ሰው ያንን የሣር ምድር ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ሕግ ጠብቆ ነው ያቆየው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ የመረጡት አለቃ ይጠብቀዋል፣ ለአጨዳ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ የጥንቱ ሥርዓት ፈርሶ ነበር፤ ሰዉ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞ ዛሬ ቀይ ቀበሮው የሚኖርበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። እንዲህ ያለ ሕዝብ የሩጫ መስመር ላይ መስማማት ያቅተዋል? የሚያቅተው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር፣ ማፈር የለብንም። ከመመዝገቢያው ምን ያህሉ መስመሩ ለሚያልፍባቸው ቀበሌዎች እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። ለጉዳት የሚሆን መያዣ ከሩጫው በፊት ይያዝ፤ ሯጩ ከሄደ በኋላ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። ጉዳት ከደረሰ በዚያው ቀን የቀበሌው ሽማግሌዎች ይገምቱት። ውሃ የሚያድለውን፣ መታጠፊያ ላይ ቆሞ አቅጣጫ የሚያሳየውን ከመንደሩ ቅጠሩ። የምግቡን ነገር ከከተማ ጭናችሁ አትምጡ። በሶ የሚበጠበጥበት አገር ነው፤ የገብስ ቆሎ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ድንች አለ። ለረጅም ሩጫ ከበሶ የሚሻል ነገር ገዝቼ አላውቅም፤ ሆድ ላይ ቀላል ነው፣ ቶሎም አያስርብም። የመንደሩ እናቶች አዘጋጅተው ይሽጡ፣ ገንዘቡም እጃቸው ላይ ይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ አደጋ። መስመሩ ብዙ ቦታ ላይ አምቡላንስ አይገባበትም። እግሩ የተሰበረን ሰው ከገደል ሥር እስከ ደሴ መንገድ የሚያወጣው ቃሬዛና የመንደሩ ጎበዝ ነው። እኛ ወላድና በሽተኛ እንዲሁ ነው የምናወጣው፣ ሰዉ ያውቅበታል። ግን ቃሬዛው የት እንደሚቀመጥ፣ እነማን እንደሚሸከሙ፣ መኪናው የት እንደሚጠብቅ ከሩጫው በፊት ይወሰን። የሚሸከሙትም ይከፈላቸው።

ለሯጮች ደግሞ እንደ ባልንጀራ ልንገራችሁ። ስታልፉ ሰላም በሉ። ትንፋሽ ካጠራችሁ እጃችሁን አንሱ፣ ይበቃል። ሽማግሌ መንገድ ላይ ካገኛችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ሰዓታችሁ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቢጨምር ምንም አይደል። ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፣ ቆም በሉና ባለቤቱን «ቤቶች!» ብላችሁ ጥሩ። ሃይላንዱንና እየሮጣችሁ የምትመጡትን የጄል ምግብ ላስቲክ አትጣሉ። በግ ላስቲክ ስትበላ ወዲያው አትሞትም፤ ሆዷ ተነፍቶ፣ ከስታ፣ ባለቤቷ ምን እንደነካት ሳያውቅ ነው የምታልቀው። እንደያዛችሁት መልሳችሁ ውሰዱት፤ ባዶውን ሃይላንድ የሚፈልግ ልጅ ካጋጠማችሁ በእጁ ስጡት እንጂ ወርውራችሁ አትለፉ።

ለዞናችን ኃላፊዎች ጥያቄዬ አጭር ነው። በገጠር መንገድና በእርሻ መሐል ለሚደረግ ሩጫ ፈቃድ ስትሰጡ፣ መስመሩ የሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ሽማግሌዎች የፈረሙበት ወረቀት አብሮ እንዲቀርብ አስገድዱ። ከግብርና ባለሙያችሁም «በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ምን ተዘርቷል» የሚል አንድ ገጽ ይያያዝበት። ቀበሌ ውስጥ ያለው የልማት ሠራተኛ ይህንን ግማሽ ቀን በማይሞላ ሥራ ይጽፍላችኋል። ይህ ከሌለ ፈቃድ አይሰጥ።

ለአዘጋጆች ደግሞ፦ ለጥር ካሰባችሁ ከአጨዳው በፊት፣ መስከረም ላይ ኑ። ያኔ ማሳው ሁሉ ሙሉ ስለሆነ በየት ማለፍ እንደማይቻል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እኔም ከአጎቴና ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር አገናኛችኋለሁ፤ መስመሩንም አብረን በእግራችን እንወጣዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሶና ወራና የገበሬ ልጅ
ደብረ ብርሃን